ስላሳፈራችሁኝ ባቡር፣ ስለ ወንድሜ ውሻ እና ስለ ዝምታችሁ የቀረበ ምስጋና

ካልጋሪ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1997

ለተከበሩ አቶ ወልደየስ
የቦው ዳር መረዳጃ ዕድር ሊቀመንበርና የመርዶ ኮሚቴው ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

የዘንድሮው ብርድ ለእርስዎ ሲል ቀለል ይበል፤ ደም ግፊትዎ ይውረድ፤ እንቅልፍዎ የሰመረ ይሁን፤ የቤትዎ ስልክ በክፉ አይጩህ። ባለቤትዎ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ እንደምን አሉ? ልጆችስ? የምድር ቤትዎ ማሞቂያ፣ ፈርነሱስ ተሻለው? ስለ ፈርነሱ ለይቼ የምጠይቀው ከካልጋሪ እስከ ኤድመንተን ድረስ በመኪናዎ ሲወስዱኝ፣ መንገዱን ሙሉ ሕመሙን ዘርዝረው ስላጫወቱኝ እስከ ዛሬ ከሐሳቤ ስላልወጣ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና የሚባለው ነገር እንዲህ ከሆነ ማለቴ ነው።

ይህን ደብዳቤ በዕድራችን መጽሔት ላይ ለማውጣት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የመጽሔቱ አዘጋጅም፣ አራሚም፣ ፎቶኮፒ አድራጊም እርስዎ ስለሆኑ ላደክምዎት አልወደድሁም። ስለዚህ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ በእጅዎ ሰጥቼ፣ የቀሩትን በአዳራሻችን በር፣ በሥጋ ቤቱ መስታወትና በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት እለጥፋቸዋለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፦ ሸዋዓለም እባላለሁ፤ በካልጋሪ ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ታደገ የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም ነበረኝ፤ ከእሱ ሌላ የእናት ልጅ የለኝም። አምና ኩላሊቱ ሲደክምበት፣ ልጁ ሩሐማ ወደምትኖርበት ወደ ዊኒፔግ ለጥቂት ሳምንት ሕክምና ብሎ ሄደና እዚያው ቀረ። ሲሄድ ውሻውን እኔ ላይ ጥሎ ሄደ። የውሻው ስም ይሁና ነው። ስሙን ሲያወጣለት ታደገ በፓርኪንግ ምክንያት ከአንድ ጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ ስለነበር፣ እንደ አገራችን ልማድ በውሻው ስም ለጎረቤቱ መልእክት ማስተላለፉ ነበር፤ ጎረቤቱ ግን ፈረንጅ ሆነና መልእክቱ ሳይደርሰው ቀረ።

እኔ የውሻ ወዳጅ አልነበርሁም። እናንተም ቤቴ በመጣችሁ ቁጥር ልብሳችሁን እያራገፋችሁ ስትወጡ አይቻለሁ፤ አልፈርድባችሁም። ግን ታደገ በየእሑዱ ደውሎ የእኔን ጤንነት ጠይቆ ሳይጨርስ፣ እትዬ፣ እስቲ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊለት ይለኝ ነበር። ያ ሽማግሌ ውሻ የሰውየውን ድምፅ ሲሰማ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሲያለቅስ እያየሁ እንዴት ብዬ ልጥላው? በጥር መጨረሻ የወንድሜ ድምፅ ሳስቶ ሳስቶ ጭራሽ ሹክሹክታ ሆነና፣ ይሁናን አምጪልኝ፣ አንድ ጊዜ ልየው አለኝ። የለመነኝ ነገር ይኼው ነው፤ ሌላ አልጠየቀኝም።

የእንስሳት ሐኪሙ የውሻው ልብ ደካማ ስለሆነ በአውሮፕላን ሆድ ውስጥ እንዳታስገቢው አለኝ። አውቶቡሱ ውሻ አይጭንም። እኔ ከከተማ ወጥቼ ሀይዌይ አልነዳም። የቀረው ባቡር ነው፤ የመንገደኛ ባቡር ደግሞ ካልጋሪን ከረሳት ዓመታት ስላለፉ ኤድመንተን ሄዶ መሳፈር ግድ ነው። ትኬቴን ቆረጥሁ፤ ፈቃድ ወሰድሁ፤ ውሻውን አጠብሁት። ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ወንድሜ ሞተ።

ሩሐማ እዚህ አገር ያደገች ልጅ ብትሆንም መርዶ በስልክ እንደማይነገር አስተምረናታል፤ የተማረችውን አክብራ ወደ እኔ ሳትደውል ቀረች። ወደ እርስዎ ደወለች። አንክል ወልደየስ፣ ፕሊስ ለአክስቴ በደንብ ንገሩልኝ፣ ብቻዋን እንዳትሰማ፣ እኔ እንዴት ሃንድል እንደማደርገው አላውቅም ብላ እያለቀሰች ለመነችዎት። እርስዎም ለእኛ ተዪው አሏት። ተወችላችሁ። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ምስጋናም የሚመነጨው ከዚህች ቃል ነው።

አንደኛ፣ ስለ ማለዳው አመሰግናለሁ። መርዶ ደንብ አለው፤ ሰው ከመኝታው ሳይነሳ፣ ብዙ ሆኖ፣ በር አንኳኩቶ፣ ከቦ ነው የሚነገረው። ይህ ደንብ መልካም ነው፤ የተሠራውም ሰው ሲወድቅ የሚደግፈው ክንድ እንዳያጣ ነው። ችግሩ፣ ግማሾቻችሁ ከፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል የፋብሪካ ሰፈር ናይት ሺፍት ስትወጡ ግማሾቻችሁ ደግሞ ልክ ያኔ ትገባላችሁ፤ በዚህ ከተማ ሁላችን አብረን የምንነቃበት ንጋት የሚባል ነገር የለም። ሆኖም በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ሦስት ሆናችሁ በሬ ላይ መጣችሁ። እኔ ግን ያኔ ሥራ ገብቻለሁ። ይሁና ጮኸባችሁ። ጎረቤቴ በመስኮት እንዳየችው፣ ካፖርት የለበሱ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቆመው፣ አንደኛው በበሩ ስንጥቅ ውሻውን በአማርኛ ዝም በል ሲለው ነበር። ከዚያም ሄዳችሁ። በበነጋው እንደገና ልትመጡ ተቃጥራችሁ የሁለቱ ሺፍት ተቀየረ። ሸዋዓለም ትልቅ ሰው ናት፣ በአንድና በሁለት ሰው ብትረዳ ቅር ይላታል አላችሁ አሉ። ለክብሬ ተጨንቃችሁ በአንድም ሰው ሳልረዳ ቀረሁ፤ ክብሬን ጠብቃችሁልኛልና እጅ እነሳለሁ።

ያን ዕለት ጠዋት እኔ የት ነበርሁ? የዊኒፔግ መንገደኞች የሚሳፈሩበት በር ሥር ወለል እየወለወልሁ ነበር። አውሮፕላኑ በመስታወት ይታየኝ ነበር። ከእናንተ አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ መጥቶ ትከሻዬን ነክቶኝ ቢሆን ኖሮ ሞፔን እዚያው ጥዬ፣ ውሻውን ለጎረቤቴ ትቼ፣ እሳፈር ነበር። ለምሳ እደርስ ነበር። ወንድሜን አስክሬን ቤት ውስጥም ቢሆን ፊቱን አየው ነበር። ውሻውን የያዝሁት ታደገ እንዲያየው ነው፤ ማየት ከቆመ በኋላ ባቡር ለምን እሳፈራለሁ?

ሁለተኛ፣ ስለ መኪናው። በጉዞዬ ዋዜማ ደውለው ኤድመንተን ድረስ እኔ ላድርስሽ፣ በዚህ በረዶ በሰው መኪና አትንከራተቺ ሲሉኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከእነ ውሻዬ! ፀጉሩ እንዳይበክልዎ የኋላ ወንበሩን በፕላስቲክ ሸፍነው መጡ። እኔም መረቅሁዎት። የልጅ ልጅ ይቁጠሩ አልሁ፣ ወጥተው ይግቡ አልሁ፣ ያላልሁት የለም። ወንድሜ አስክሬን ቤት ተኝቶ፣ እርስዎ ይህን እያወቁ፣ ምርቃቴን አሜን አሜን እያሉ ተቀበሉ። መንገዱ እኩል ሲሆን ሬድ ዲር ከተማ ላይ አቁመው ቡና ገዙልኝ፤ እርስዎ ግን አልጠጡም፤ ጾም ነው እንዴ ብዬ ቀለድሁብዎት። ከዚያ ፈርነስ፣ ከፈርነስ ቀጥሎ የበረዶ ጎማ፣ ከጎማ ቀጥሎ እንደገና ፈርነስ። ስለ ታደገ ሳነሳ ራዲዮ ከፈቱ። ያን ሁሉ መንገድ አብረን ስንሄድ ዘጠኝ ጊዜ ወይ አሥር ጊዜ ትንፋሽ ስበው ሊናገሩ ነው ስል መልሰው ዋጡት፤ እኔ ደግሞ እሳቸውም እያረጁ ነው፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል ብዬ አዘንሁልዎት።

ጣቢያው ስንደርስ የይሁናን ራስ ዳበሱት። በዕድሜዎ ውሻ ነክተው የማያውቁ ሰው! ያኔ ነበር ደንግጬ መጠየቅ የነበረብኝ። ባቡር ለመሳፈር የቸኮለ ሰው ግን እንኳን የሌላውን ፊት የራሱንም አያይ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥቅሉ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በቡናማ ወረቀት ጠቅልለው፣ በገመድ አስረው፣ ለሩሐማ የምትሰጪያት ልብስ ናት፣ አደራ እንዳትፈቺው ብለው የላኩልኝን ጥቅል ከዕቃዬ ጋር እንዳይጠፋ ብዬ መንገዱን ሙሉ ጭኔ ላይ ይዤው ተጓዝሁ። ዊኒፔግ ሲፈታ ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ሻሽ ሆኖ ተገኘ። ልኩ የእኔ ነው። ሩሐማማ ቀጭን ናት። የራሴን የሐዘን ልብስ ራሴ ታቅፌ፣ እንዳይጨማደድ እየተጠነቀቅሁ፣ አገር ለአገር እንድሸከመው ላደረጋችሁኝ አሳቢነት ምን ቃል ላግኝለት? ስፌቱ ጥሩ ነው። አሁንም ለብሼዋለሁ።

ስለ ባቡሩ ስሞታ የለኝም። ይሁና ዕቃ በሚጫንበት ፉርጎ፣ በሳጥን ውስጥ፣ የእኔን ፎጣ ለብሶ ተጓዘ፤ ባቡሩ ረጅም በሚቆምባቸው ጣቢያዎች ሰዎቹ ወርጄ ላየው ፈቀዱልኝ። ሳስካቱን ላይ በረዶው ላይ አንሸራሽሬው ደርሰናል፣ አይዞህ፣ እሱ ይጠብቅሃል ስለው ጅራቱን ቆላ። አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬለት ነበር። አብረውኝ ለተቀመጡ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ወንድሜ ታሟል፣ ውሻውን ሲያይ ይድናል አልኋቸው፤ እሳቸውም እጄን ያዙልኝ። ከዚያ በኋላ ባቡሩ ሜዳ ላይ ቆመ። የጭነት ባቡር እስኪያልፍ ነው ተባለ፤ አለፈ፤ ሌላ መጣ፤ እሱም አለፈ። እኔ ምንም አልቸኮልሁም። ምን ያስቸኩለኛል? ዝም ብዬ ነጩን ሜዳ እያየሁ፣ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የሰነቁልኝን ዳቦ ለወንድሜ ቆርሼ ላስቀምጥለት እያልሁ አስብ ነበር። በኋላ ሰዓቱን ሳስተያየው፣ ታደገን መቃብር ያወረዱት ያኔ ነው።

ቀብሩ በዚያ ሰዓት እንዲሆን የተወሰነው በእርስዎ ቃል ነው። ሩሐማ እትዬን ሳንጠብቅ አንቀብርም ብላ ስታስቸግር፣ ደውለው ጠዋት ትደርሳለች፣ እኩለ ቀን ላይ አድርጉት አሏት። ቄሱ ከሌላ ከተማ የመጡ ስለነበሩ ማታውኑ መመለስ ነበረባቸው፤ ጠበቁ ጠበቁና ግድ ሆነባቸው። እርስዎ በሙያዎ የጭነት መኪና ዲስፓቸር ነዎት፤ የሰው ዕቃ በሰዓቱ ማድረስ እንጀራዎ ነው። አንድ የባቡር ጣቢያ ደውሎ ይዘገያል ወይ ብሎ መጠየቅ ከሙያዎ በታች ሆኖብዎ ይሆናል፤ ይቅርታ፣ አላዋቂነቴ ነው።

አራተኛ ብዬ የምቆጥረው አለ፤ ግን ምስጋና አልለውም።

ጣቢያ የተቀበሉኝ የማላውቃቸው አንድ ሰው ናቸው። ስለ ዊኒፔግ ብርድ አወሩኝ። ሕንፃው ደርሰን፣ ከሊፍቱ ወጥተን፣ በኮሪደሩ ስንሄድ ይሁና የታደገን ሽታ አገኘና ገመዱን እየጎተተ ይሮጥ ጀመር። እኔም እየሳቅሁ ተከትዬው ሮጥሁ። ከበሩ ገና ሳልደርስ፣ ታደገ፣ ማን እንደመጣ እየው! ብዬ ጮህሁ። ከዚያ በሩ አጠገብ የተደረደሩትን ታጣፊ ወንበሮች አየሁ። እኛ ሰዎች ታጣፊ ወንበር የምንሰበስበው ለሁለት ነገር ነው፤ ሰርግ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ሳቄ ፊቴ ላይ እንዳለ፣ ገመዱ እጄ ላይ እንደተጠመጠመ፣ ስማቸውን በማላውቃቸው ሰዎች መካከል ወደቅሁ። የሦስት ሰው ክንድ እንዳይጎድልብኝ የተጠነቀቃችሁልኝ ሰዎች ሆይ፣ የደገፈኝ ግድግዳው ነው።

ውሻው ለቅሶውን ሲሰማ ደነገጠና መጮህ ጀመረ። ለቅሶ ቤት ውሻ አይገባም ብለው በረንዳ ላይ አወጡት። እኔም ወጣሁ። ግቢ፣ ትታመሚያለሽ አሉኝ፤ አልገባሁም። ሩሐማ የአባቷን ብርድ ልብስ ይዛ መጣችና ሦስታችንን አለበሰችን። አይ አም ሶሪ እትዬ፣ ይነግሩሻል ብዬ ነው፣ ፕሮሚስ አድርገውልኝ ነበር እያለች ታለቅስ ነበር። ልጅቱ እስከ ዛሬ ጥፋቱ የእሷ ይመስላታል። ለዚህ ብቻ፣ አቶ ወልደየስ፣ ለዚህች ልጅ ብቻ ደውለው ይቅርታ ሊጠይቋት ይገባል። እኔን ይተዉኝ።

ከተመለስሁ በኋላ ለቅሶ ልትደርሱኝ ስትመጡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቁጥራችሁ በዛ። ቤቴ አልበቃ አለ። ያን ሁሉ ሰው ባየሁ ጊዜ ሺፍታችሁን ማን እንደሸፈነላችሁ መጠየቅ አማረኝ። እርስዎም ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው፣ መንገድ ላይ ብቻሽን እንዳትሰሚው ብለን ነው፣ ለአንቺ አስበን ነው አሉኝ። ለእኔ አስባችሁ ከሆነ በደንብ አላሰባችሁም። ፈራችሁ። የሰው ለቅሶ ፊት ለፊት መቆም ያስፈራል፤ ማንም ይፈራል፤ ፈራን ብትሉኝ እኮ አብሬያችሁ አለቅስ ነበር። እናንተ ግን ፍርሃታችሁን ደንብ አላችሁት፣ ኮሚቴ አቋቋማችሁለት፣ ሊቀመንበር ሾማችሁለት።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ይህን ነው። ከእንግዲህ ሰው ሲሞትብኝ ለኮሚቴ አይቅረብ፤ በስልክ ንገሩኝ። ሥራ ላይ ከሆንሁ በአየር ማረፊያው ድምፅ ማጉያ አስጠሩኝ፤ መንገደኛው ሁሉ እያየኝ ላልቅስ፤ ከዚያ የሚበር አይጠፋም። እንዲሁም በዚያ ቀን በመኪናዎ ውስጥ የመረቅሁዎትን ምርቃት እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ወጥተው ይግቡ ያልሁትን ብቻ ለልጆችዎ ስል ትቼልዎታለሁ።

ብርድ ሳይሉ በሬ ድረስ መጥተው ውሻ ስለጮኸባቸው የተመለሱትን፣ መንገድ ሳይከብዳቸው ኤድመንተን ድረስ ያደረሱኝን፣ ምላስዎን ከእኔ ይልቅ በጥንቃቄ የጠበቁትን እርስዎን ደግሜ ደጋግሜ አመስግኜ፣ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ የምሰናበትዎ፣

መዋጮዋን አንድ ወር ሳታጓድል የከፈለች፣ ወንድሟን ያልቀበረች አባልዎ፣
ሸዋዓለም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህች ቁራጭ በእርስዎ ቅጂ ላይ ብቻ የተጻፈች ናት፤ በግድግዳ በሚለጠፉት ላይ የለችም። ትናንት የኮሚቴዎ ጸሐፊ አቶ ደበሳይ ቤቴ መጥተው ደብዳቤውን በዚህ ሳምንት እንዳልለጥፍ ለመኑኝ። ለምን ብዬ አልለቅ ስላቸው አለቀሱ። ቶሮንቶ እህትዎ ዘንድ ያሉት እናትዎ፣ እንደተነገረዎት ጉልበታቸውን አሟቸው አይደለም ሆስፒታል የተኙት። ሐኪሞቹ ተስፋ የለም ብለዋል። እህትዎ ለኮሚቴው ደውላለች፤ ኮሚቴውም እርስዎ በሌሉበት ተሰብስቦ፣ እርስዎ ባወጡት ደንብ፣ ለፋሲካ ሲሄድ እዚያው ይስማው ብሎ ወስኗል። ፋሲካ ሩቅ ነው። ዛሬ ጠዋት ሆስፒታሉ ደውዬ ጠይቄያለሁ፤ እናትዎ በሕይወት አሉ፤ የእርስዎን ስም እየጠሩ ነው። ሰው ለመሰብሰብ ጊዜ ስለሌለ ብቻዬን ነው የመጣሁት። መኪናዬን ሳላጠፋ ደጅዎ ላይ ቆሜያለሁ፤ ከሰዓት በፊት የሚበር አውሮፕላን አለ፤ ካፖርትዎን ደርበው ይውጡ።